የመኪናዬ የኋላ በር ሲጢጥ ይላል፤ ጎማው ነው ወይስ ሌላ ነገር?

የሰሚቱ ሹፌር · ሰኞ ማታ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ጆሮዬ ሊያሳብደኝ ስለሆነ ነው የጻፍኩት።

መኪናዬ 2004 ሞዴል ትንሽዬ የጃፓን መኪና ናት። ጠዋት ከሰሚት ወጥቼ እስከ ማታ በአፕ ታክሲ እሠራባታለሁ። ሞተሯ ጤነኛ ነው። እግሯም ደህና ነው። ችግሩ ከኋላ ግራ በር የሚመጣ ድምፅ ነው። አስፋልት ላይ ዝም ትላለች። ኮብልስቶን ስትረግጥ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ። ብሬከር በሰያፍ ስወጣ ደግሞ እንደ አሮጌ ሽቦ አልጋ ታለቅሳለች።

ትናንት አንዲት እናት ከኋላ ተቀምጠው «ልጄ፣ ጫጩት ጭነሃል እንዴ?» አሉኝ። ሳቅኩኝ እንጂ አፍሬያለሁ።

ጋራዥ ወሰድኳት። ጎሚኒ (የእግሯ መገጣጠሚያ ላስቲክ) ነው አሉኝ፤ ቀየርኩ። ድምፁ እዚያው። ቀጥለው ሾክ ነው አሉኝ። ልቀይር ስል ቆም አልኩ። አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። መኪናዋ በታጠበችበት ቀን ድምፁ የለም። ዝናብ በመታትም ቀን የለም። ሁለት ቀን ደረቅ ሲሆን ይመለሳል፤ እንደውም ብሶበት። ምን ትላላችሁ?

ቱርቦ22 · ሰኞ ማታ 3:25

ሾክ ነው። አትድከም።

ፍሬን የለሽ · ሰኞ ማታ 3:41

ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ግዛና የበሩን ጎማ ዙሪያውን ንፋበት። እኔም እንደዚያ አድርጌ ጸጥ ብሎልኛል።

ጋሽ ካቻቢቴ · ሰኞ ማታ 4:02

ለስንት ጊዜ?

ፍሬን የለሽ · ሰኞ ማታ 4:05

ለአንድ ሳምንት። ከዚያማ መኪናውን ሸጥኩት ሃሃሃ።

ጋሽ ካቻቢቴ · ማክሰኞ ጠዋት 1:20

የሰሚቱ፣ ሾኩን ተወው። መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ውሃ ሲነካው ዝም የሚል፣ ሲደርቅ የሚጮህ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ጎማ ነው። ሾክ ዝናብ ስለዘነበ አይድንም።

ግን የትኛው ጎማ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ በር ላይ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ጎማ አለ። አንደኛው በሩ ሲዘጋ የሚታመቀው፣ ውስጡ ባዶ ቱቦ የሆነው ዋናው የበር ጎማ ነው። በአንዳንድ መኪና በሩ ላይ ይለጠፋል፣ በሌላው ቦዲው ላይ ይሰካል፣ ሁለቱም ጋ ያለበትም አለ። ሁለተኛው መስታወቱ ወጣ ገባ የሚልበት ቦይ ነው። ሦስተኛው መስታወቱን ሲወርድ የሚጠርገው ከንፈር ነው። ሦስቱም ይጮሃሉ። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ስለዚህ ምንም ሳትቀባ በፊት ሞክር። ያው ኮብልስቶን፣ ያው ፍጥነት፣ ሬዲዮ ጠፍቶ። መጀመሪያ የኋላውን መስታወት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርገህ ሂድ። ድምፁ ከጠፋ የመስታወቱ ቦይ ነው። ካልጠፋ መስታወቱን ዝጋ፤ ጨርቅ የሳሙና ውሃ ነክረህ ዋናውን ጎማ ብቻ ዙሪያውን አብስ። አሁን ከጠፋ አገኘኸው። አሁንም ካለ በሩ የሚቆለፍበትን፣ ምሰሶው ላይ በሁለት ቡሎን የታሰረውን ቀለበት መሳይ ብረት ተመልከት። እሱ ላይ ጥቂት ግራሶ ነካ አድርግና ድገመው። ስንቴ ይሄ ብረት ደርቆ ጎማ መስሎ አታሎኛል።

ደግሞ ሰው ከኋላ አስቀምጥ። መኪና ውስጥ ድምፅ ያታልላል። ከፊት ሆነህ የኋላ በር የመሰለህ የመሃል ምሰሶው ላይ ያለው ቀበቶ ሊሆን ይችላል።

ቱርቦ22 · ማክሰኞ ጠዋት 2:00

ታዲያ ጋራዡ ለምን ጎሚኒ ነው አለው?

ጋሽ ካቻቢቴ · ማክሰኞ ጠዋት 2:04

ጎሚኒ ስለሚሸጥ ነዋ።

የላብራቶሪዋ · ማክሰኞ ቀን 6:30

ጋሽ ካቻቢቴ እንዳሉት ነው። እኔ የምጨምረው ለምን እንደሚጮህ ነው። ሥራዬ ጎማና ፕላስቲክ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ማሲንቆ አስቡ። የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ክር ሲነካው ለቅጽበት ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ክሩ ያመልጠዋል። እንደገና ይይዘዋል፣ እንደገና ያመልጠዋል። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በመቶዎች ጊዜ ሲሆን ድምፅ ይሆናል። አዝማሪው ጭራውን ዕጣን የሚያስነካው እንዲይዝለት ነው። ካልያዘ ማሲንቆው አይዘፍንም።

የበሩም ነገር እንዲሁ ነው። መኪናዋ አንዱ ጎማዋ ጉብታ ላይ ሲወጣ ቦዲው ትንሽ ይጣመማል። በሩ ግን የተንጠለጠለው በሁለት ማጠፊያና በአንድ መቆለፊያ ስለሆነ አብሮ አይጣመምም። ስለዚህ በሩና የበሩ ክፈፍ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። የሚንቀሳቀሱት በጣም ጥቂት ነው፣ አንዳንዴ ከአንድ ሚሊ ሜትርም ያነሰ። የደረቀ ጎማ ግን እሷኑ ይዞ ይጮሃል። ብሬከር በሰያፍ ስትወጣ የሚብስብህ ለዚህ ነው፤ በሰያፍ ሲወጣ ቦዲው ይበልጥ ይጣመማል።

እንግዲህ እኛ የምንፈልገው የአዝማሪውን ተቃራኒ ነው። እንዳይዝ።

አሁን ወደ ስፕሬዩ። ፍሬን የለሽ፣ አትቀየመኝ። አብዛኛው የበር ጎማ ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. ከሚባል ላስቲክ ነው የሚሠራው። ይህ ላስቲክ ፀሐይን፣ ውሃን፣ ሙቀትን በደንብ ይችላል። ለበር የተመረጠውም ለዚህ ነው። የማይችለው ከነዳጅ ዘር የሆነ ዘይትን ነው። ናፍታ፣ ቤንዚን፣ የሞተር ዘይት፣ ተራው ግራሶ፣ ቫዝሊንም ሳይቀር። ዘይቱ ወደ ጎማው ውስጥ ይገባል። ጎማው ያብጣል፣ ይልማል፣ ቅርፁን ያጣል። ለሳምንት ጸጥ ያለው ዘይቱ ስላለሰለሰው ነው። ከዚያ ቀላሉ ይተናል፣ የቀረው አቧራ ይሰበስባል። ከበፊቱ ብሶ ቁጭ።

ላቫጆ ልጅ · ማክሰኞ ቀን 8:15

ይቅርታ እህቴ፣ ግን ነገሩ ወደ እኛ እየመጣ መሰለኝ። እኛ ጋ መኪና ታጥቦ ካለቀ በኋላ የበር ጎማውን ናፍታ በነካ ጨርቅ እናሸዋለን። ጥቁር ብሎ ያብረቀርቃል። ባለመኪናው ሲያይ ደስ ይለዋል፣ ጉርሻም ይጨምራል። እንዴት ይጎዳል? ስንት ዓመት ሠርተናል።

የላብራቶሪዋ · ማክሰኞ ቀን 8:40

ወንድሜ፣ እኔን አትመን። ከተጣለ የበር ጎማ ሁለት እኩል ቁራጭ ቁረጥ፣ የክብሪት እንጨት የሚያህል። አንዱን ውሃ ውስጥ፣ አንዱን ናፍታ ውስጥ ክተት። ነገ በዚህ ሰዓት አውጥተህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው።

የሰሚቱ ሹፌር · ረቡዕ ማታ 2:50

ሞከርኩ። ታናሽ ወንድሜን ከኋላ አስቀመጥኩት። ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ እንደ ሐኪም እያዳመጠ ነበር። ሰው ሁሉ ያየናል።

መስታወቱን ዝቅ አደረግን፤ ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ ጎማውን በሳሙና ውሃ አበስኩት። ወንድሜ «በቃ፣ ሞተ» አለ። እውነትም ሲጢጡ ጠፋ። ግን አንዲት «ቋ» የምትል ነገር ቀረች፤ ትልቅ ጉብታ ላይ ብቻ ነው የምትሰማው። ያን ቀለበት ብረት ስነካው ደርቆ ቀይ አቧራ ለብሷል። ጠርጌ ግራሶ አስነካሁት። እሷም ጠፋች። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ!

ስታይ ደግሞ ጎማው ያሳፍራል። ያበስኩበት ጨርቅ እንደ ጀበና ቂጥ ጠቆረ። ከታች እጥፋቱ ውስጥ አሸዋ ነበር። ከአሸዋው ጋር አንድ ፍሬ የሽምብራ ቆሎ። መቼ እንደገባ እንጃ።

ግን ይሄ የሳሙና ውሃ ነገር ሲደርቅ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ቀጥሎስ ምን ላድርግ?

ጋሽ ካቻቢቴ · ረቡዕ ማታ 3:30

ጎበዝ። አሁን በሽታውን አውቀሃል፣ መድኃኒቱ ቀላል ነው።

መጀመሪያ እጠበው። ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። ዱቄት ሳሙና አይሆንም፤ ጎማውን ያደርቀዋል፣ እጥፋቱ ውስጥም ነጭ ሆኖ ይቀራል። እጥፋቱን በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ግባበት፣ ግን አትፈግፍገው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሁለቴ አብስ። በሮቹን ከፍተህ ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት ተዋት። ውሃ ከሥሩ እያለ የምትቀባው ሁሉ ይላጣል።

አንድ ነገር ሰው ይረሳል። ጎማው ብቻ አይደለም የሚጠረገው። ጎማው የሚያርፍበት ቀለም የተቀባው ብረትም ነው። ጎማው የሚፋተገው ከሱ ጋር አይደል? እሱ ላይ የተጋገረውን አቧራ ካልጠረግክ ልፋትህ ግማሽ ነው።

ሲደርቅ ሲሊኮን ግሪስ ቀባው። ሱቅ ገብተህ «ግራሶ» ብቻ ብትል ያን ቡናማውን የኩሽኔታ ግራሶ ይሰጡሃል። እሱን ጎማ ላይ እንዳታስጠጋው። «ሲሊኮን ግሪስ» ብለህ ጥራ። ነጭ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። የመኪና ዕቃ ሱቅ ካጣህ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡ ጋ ጠይቅ፤ የቧንቧ ጎማ የሚያለሰልሱበት አላቸው። ለአንድ በር ሽምብራ የምታህል ትበቃለች። የቆሎህን መጠን ታውቀው የለ። ጨርቅ ላይ አድርገህ ጎማውን ዙሪያውን እሸው። ሌሊቱን ይደር። ጠዋት በደረቅ ጨርቅ የተረፈውን አንሳ። ጣትህን ስታሳልፍ ሊያንሸራትትህ ይገባል። ከተጣበቀብህ አብዝተሃል፤ አቧራ ይሰበስባል።

ቀለም ቤት · ረቡዕ ማታ 4:10

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝና አንድ ልመና አለኝ። በተለይ ስፕሬዩን የምትጠቀሙ ሰዎች። ጨርቅ ላይ ነፍታችሁ አብሱ እንጂ በቀጥታ መኪናው ላይ አትንፉ። ሲሊኮን በአየር ተሸክሞ ይሄዳል። ነገ ግጭት ደርሶባችሁ መኪናዋ እኔ ጋ ብትመጣ ቀለሙ ሲሊኮን የነካውን ቦታ ይሸሸዋል። ትንንሽ ክብ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ መድገም፣ መፋቅ፣ መድገም። ፊት መስታወት ላይ ከነካ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ዋይፐሩ ያደበዝዘዋል። ፍሬን ዲስክ፣ ፔዳልና መሪ ላይ እንዳይደርስማ እለምናችኋለሁ።

ላቫጆ ልጅ · ሐሙስ ጠዋት 3:05

እሺ። ተሸነፍኩ።

ትናንት የከተትኳቸውን ጎማዎች አወጣሁ። ውሃ ውስጥ የነበረው እንዳለ ነው። የናፍታው ግን ጥፍር ያህል ረዝሟል፣ ወፍሯልም። ጫን ስለው እንደ ማስቲካ ይሳባል። ጥፍሬን ስሰካበት ተገመሰ። እኩል ነው የቆረጥኳቸው፣ ሁለት ሰው ምስክር አለኝ።

ለአለቃችን አሳየሁት። «እና ታዲያ በምን እናጥቁረው?» አለኝ። ምን ልበለው?

የላብራቶሪዋ · ሐሙስ ጠዋት 3:30

ወይኔ፣ ደስ አልከኝ! ብዙ ሰው ሳይሞክር ነው የሚከራከረው።

ለአለቃህ፦ ውሃ ያለበት የጎማና የፕላስቲክ መንከባከቢያ አለ፤ ወተት የሚመስል። እሱ ይሻላል። ጎማ ማጥቆሪያው ውስጥ ነዳጅ ነክ ነገር ካለ ደግሞ ለእግር ጎማ እንጂ ለበር ጎማ አይሁን። ገንዘብ ካሳሰበው በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ብቻውን ይበቃል። ባለመኪናው ጉርሻውን ባይጨምር እንኳ ጎማው ይቆያል።

የድሬ ልጅ · ሐሙስ ቀን 7:45

እኛ ጋ ሲሊኮን ግሪስ የሚባል ነገር ጠይቄ አጣሁ። ግሊሰሪን ግን ሱቁ ሁሉ ሞልቷል፤ እናቴ ለተረከዟ የምትቀባው። ይሆናል?

የላብራቶሪዋ · ሐሙስ ቀን 8:10

ይሆናል። ግሊሰሪን ከነዳጅ ዘር አይደለም፣ ይህን ጎማ አያሳብጠውም። ግን ሁለት ጉዳት አለው። በውሃ ይታጠባል፤ አንድ ጥሩ ዝናብ ወይም አንድ እጥበት ይዞት ይሄዳል። ሌላው፣ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ይጣበቃል፣ አቧራ ይይዛል። በጣም ስስ አድርገህ ቀባ፣ ቶሎ ቶሎ ጥረግ። ለጊዜው ያገለግልሃል።

የሕፃናት ፓውደርም ይሠራል። ጎማውን ያንሸራትተዋል፤ ለተወሰኑ ቀናት። ችግሩ ጥቁር ሱሪ የለበሰ ሰው ሲወርድ ነጭ መስመር ይዞ ይወርዳል።

የሰሚቱ ሹፌር · ሐሙስ ቀን 8:22

ፓውደሩ ይቅርብኝ። ጫጩት ብለውኝ የለ፣ ነገ ደግሞ ዱቄት ጭነሃል ይሉኛል።

ሚኒሶታዊው · ሐሙስ ማታ 5:30

ከሚኒያፖሊስ ሰላም። እዚህ የበር ጎማ ትልቅ ጉዳይ ነው። ጥር ላይ ከዜሮ በታች 25 ሲገባ ጎማው እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ያልጮኸ መኪና የለም። ከዚያ የባሰው ደግሞ መኪና ታጥባ ወዲያው ከበረደ በሩ ይጣበቃል። ስትጎትተው ጎማው ይቀደዳል። እኔ አንድ ጊዜ በኋለኛው በር ገብቼ፣ በወንበሮቹ መሃል ተሹለክልኬ ሹፌር ቦታ ተቀምጬ ሥራ ሄጃለሁ።

ስለዚህ ጥቅምት ላይ በረዶው ሳይመጣ ሁሉንም በር ሲሊኮን እናስነካለን። እኔ የምጠቀመው ሆንዳ በስሙ የሚሸጠውን የጃፓን ሺን-ኤትሱ ሲሊኮን ግሪስ ነው። ትንሽ ቱቦ ናት፣ ግን አታልቅም። የኔ መኪና ሆንዳ አይደለችም፤ ጎማ ጎማ ነው። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ስመጣ ለአጎቴ አንድ ይዤለት ነበር። «የጫማ ቀለም አመጣህልኝ?» አለኝ።

ባለ ኤሌክትሪኳ · ዓርብ ጠዋት 2:15

እኔም ልጠይቅ? አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ነው የያዝኩት፣ ስምንት ወር ሆነው። በ2016 ጥር በነዳጅ የሚሠራ መኪና ማስገባት ሲቆም ነው ሐሳቤን የቀየርኩት። በመኪናው ደስተኛ ነኝ። ግን እንዴት ነው አዲስ መኪና ሲጢጥ የሚለው? የድሮው አሮጌ መኪናዬ እንኳ እንዲህ አይጮህም ነበር።

ጋሽ ካቻቢቴ · ዓርብ ጠዋት 2:50

እህቴ፣ የድሮውም ይጮህ ነበር። ሞተሩ ሸፍኖልሽ ነው። አሁን የሞተር ጩኸት የለም፣ ጆሮሽ ሥራ ፈትቶ ሁሉን ይሰማል። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከቆመ ወዲህ ወደ እኔ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መኪና አቤቱታ ግማሹ ድምፅ ነው።

መጀመሪያ መስታወቱን ሁለት ጣት ዝቅ አድርጊና ንገሪኝ። ዋስትና ላይ ያለ መኪና ስለሆነ ግን ራስሽ ምንም አትቀቢ። ድምፁን በስልክ ቅጂ፣ ከዚያ ለሸጡልሽ አሳዪ።

ባለ ኤሌክትሪኳ · ዓርብ ቀን 9:40

ዝቅ ሳደርገው ጠፋ! ስመልሰው ተመለሰ።

ጋሽ ካቻቢቴ · ዓርብ ቀን 10:05

የመስታወቱ ቦይ ነው እንግዲህ። እዚያ ውስጥ እንደ ከፋይ ያለ ጠጉራማ ሽፋን አለ። አቧራ ሲገባው ጠጉሩ ይተኛል፤ መስታወቱ ጎማውን በቀጥታ ይፋተጋል። መጥረግ ክልክል የለውም፣ ዋስትናም አያበላሽም። ቀጭን የእንጨት ማስመሪያ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ቦዩን ከላይ እስከ ታች ጥረጊው። መስታወቱንም ዳር ዳሩን አጽጂ። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ያልቃል። ግሪስ እዚያ ውስጥ እንዳይገባ፤ መስታወቱን ያጨቀየዋል።

የሰሚቱ ሹፌር · እሑድ ቀን 7:00

ወደ እኔ ልመልሳችሁ። ሲሊኮን ግሪሱን የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አገኘሁት። ሻጩ «ቧንቧህ ስንት በር አለው?» አለኝ፤ ለምን እንደፈለግኩት ስነግረው። አራቱንም በር አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ቀባሁ። የኋላ ግራ ሞቷል። የፊቶቹም በሩ ሲዘጋ ድምፃቸው ተለወጠ፤ «ቧ» ይል የነበረው «ዱፍ» ይላል። የሰው መኪና መሰለኝ።

የቀረኝ የኋላ ቀኙ ነው። አይጮህም፣ ግን ፈጣን መንገድ ላይ ንፋስ ያፏጫል። ቀደም ሲል ገጭተውኝ ላሜራው ተሠርቷል። ጎማው ያለ ይመስላል። ሶማሌ ተራ ሄጄ ልቀይረው?

ጋሽ ካቻቢቴ · እሑድ ማታ 1:15

ሳትለካ አትግዛ። ከደብተር ላይ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ወረቀት ቅደድ። በሩ ላይ አድርገህ ዝጋውና ወረቀቱን ሳብ። ይዞህ እያቃተተ ከወጣ ጎማው እየታመቀ ነው። እንደ ቅቤ ካመለጠህ እዚያ ቦታ ላይ ክፍተት አለ። ዙሪያውን በየአንድ ስንዝሩ ለካ። የብር ኖት አትጠቀም፣ ይቀደድብሃል።

የላላው ከላይ ጥግ ብቻ ከሆነ በሩ ከግጭቱ በኋላ በደንብ አልተቀመጠም፤ ባትላሜራው ይመልሰዋል። በመቆለፊያው በኩል ከላይ እስከ ታች እኩል ከላላ ግን ያን ቀለበት ብረት ወደ ውስጥ ማስገባት ይበቃል። ከመንካትህ በፊት በማርከር ዙሪያውን አስምር። ይህቺን መስመር ካላሰመርክ መመለሻ የለህም። ቡሎኖቹ ኮከብ ራስ ስለሆኑ ልኩን ቢት ያዝ፣ ካልሆነ ራሱን ትበላዋለህ። ሙሉ በሙሉ አትፍታቸው። ላላ ሲሉ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገፋ አድርግ፣ አጥብቅ፣ በሩን ቀስ ብለህ ዝጋና ድጋሚ በወረቀት ለካ። አብዝተህ ብታስገባው በሩ በጡጫ ካልሆነ አይዘጋም፤ ጎማውም ተጨፍልቆ ይቀራል።

ጎማው ራሱ ተሰንጥቆ ወይም ተጋድሞ ከቀረ ቀይረው። ስትገዛ የድሮውን ቁራጭ ይዘህ ሂድ። ከጎን ሳይሆን ከተቆረጠበት በኩል አስተያየው። የቱቦው ውፍረትና የሚነክሰው ከንፈር እኩል መሆን አለበት። በሜትር የሚሸጠው ርካሽ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ይወፍራል። ከዚያ በር አልዘጋ አለኝ እያልክ ትመጣለህ። እኔ ከተፈታ መኪና ላይ የወጣ ኦሪጅናል እመርጣለሁ፣ ልሙጥና የማይሰነጠቅ ከሆነ። ስትገጥም አትለጥጠው፤ ያጥርብሃል። መጋጠሚያው ወደ ታች ይሁን።

ፍሬን የለሽ · እሑድ ማታ 1:40

ጋሼ፣ የሸጥኩትን መኪና የገዛው ሰው ደወለልኝ። «በሩ ይጣበቃል» አለኝ።

ጋሽ ካቻቢቴ · እሑድ ማታ 1:44

ይሄን ውይይት ላክለት። ስልክህን ግን አታጥፋ።

የሰሚቱ ሹፌር · ማክሰኞ ማታ 4:20

ወረቀቱ በመቆለፊያው በኩል ከላይ እስከ ታች ያመልጥ ነበር። አስምሬ፣ ቀለበቱን አንዲት ሚሊ ሜትር አስገባሁት። አሁን ወረቀቱ ይያዛል፣ ፉጨቱም የለም። ጎማ አልገዛሁም።

ዛሬ ማታ ሰው አውርጄ ባዶ መኪና ይዤ ወደ ቤት ስገባ ሆን ብዬ በኮብልስቶኑ ዞርኩ። ሬዲዮውን አጠፋሁ። በሮቹ ዝም። ብሬከሩን በሰያፍ ወጣሁት፤ ዝም። ደስ ብሎኝ ልጨርስ ስል ከዳሽቦርዱ ውስጥ ቅጭ ቅጭ ቅጭ የሚል ነገር ሰማሁ። ድሮም ነበረ ማለት ነው፤ ሲጢጡ ሸፍኖት ኖሯል። ጋሼ፣ ምን ላድርግ?

ጋሽ ካቻቢቴ · ማክሰኞ ማታ 4:31

ዛሬ መሽቷል። ሬዲዮውን ክፈተው።